ጨጓራው ያልታጠበበት ዓመት

ዶሊና ቅዳሜ ጠዋት ከአልጋዋ ልትነሳ ስትል ዳሌዋ አልታዘዝ አላት። ሁለት ጊዜ ሞክራ በሦስተኛው የአልጋውን ራስጌ ተደግፋ ቆመች። ወሩ ኅዳር ነው። በሰሜን ርቃ ባለችው በሉዊስ ደሴት በዚህ ወር ፀሐይ እንደ ሰነፍ ሠራተኛ አርፍዳ መጥታ ቀድማ ትሄዳለች፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሳይሞላ መብራት ይበራል። ነገ ደግሞ ሰንበት ነው። በሰንበት ቢላ አይነሳም፣ ልብስ አይሰጣም፣ ስለ ገበያ እንኳ አይወራም። የዛሬ ሥራ ዛሬውኑ ማለቅ አለበት።

ወጥ ቤት ስትገባ ልጇ ማይሬድ ቀድማት ተነስታ ምድጃውን አቀጣጥላለች። የአባቷን የጎማ ቦት ጫማ አድርጋ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ቆማለች። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ከምትኖርበት ከተማ ከግላስጎው ተነስታ ትናንት ማታ በመርከብ ገባች።

«እግርሽን አመመሽ እንዴ፣ እማ?»

«እግሬ ደህና ነው። ያረጀሁት እኔ ነኝ።»

«ቁጭ በይና ሻይሽን ጠጪ።»

«ቁጭ ካልኩ አልነሳም» አለች ዶሊና፤ ሻይዋን ቆማ ጠጣች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰኞ ጠዋት የከብት መኪና ይመጣል። ደውላ የጠራችው ዶሊና ራሷ ናት። ያሏትን ሃያ ሁለት እናት በጎች በሙሉ ጭኖ ስቶርኖዌይ ከተማ ገበያ ይወስዳቸዋል። ባሏ ሩሪ ከሞተ ሦስት ዓመት አልፎታል። በእነዚህ ዓመታት አጥሩን ያጠረች፣ በዝናብ በንፋስ በጎቹን ያዋለደች፣ ድርቆሽ የተሸከመች እሷው ብቻዋን ናት። አሁን ሰውነቷ እምቢ አለ። መሬቱንም በጎቹንም የሚረከብ ከማይሬድ ሌላ የለም፤ ማይሬድ ደግሞ ሥጋ ካልቀመሰች ስድስት ዓመቷ ነው።

በስልክ አንድ ወር ተጨቃጨቁ። «በጉን ለሱፉ አኑሪው» ትላለች ማይሬድ። «ሸላቹ ከሱፉ ዋጋ በላይ ይጠይቀኛል» ትላለች ዶሊና። «ታዲያ ለምን ይታረዳል?» «ታዲያ ለምን ይወለዳል?» እየተባባሉ ስልኩ ይዘጋል። በመጨረሻ ማይሬድ «ልምጣና አንዱ ሲታረድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብሬሽ ልሥራ። ከዚያ እረከባለሁ ወይም አልረከብም እልሻለሁ» አለች። ዶሊና ደስ አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እንቅልፍ በቅጡ አልወሰዳትም። ለምን እንደሆነ ታውቃለች።

ጎረቤቷ ቶርኪል ሲመጣ ሰማዩ ገና ግራጫ ነበር። ሰባ ዓመት ያለፈው፣ ቀጭን፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። በመንደሩ የቀረው አራጅ እሱ ብቻ ነው፤ ቢላዎቹን በአሮጌ ፎጣ ጠቅልሎ በብብቱ ይዟል።

«የሩሪ ልጅ!» አለ ማይሬድን ሲያያት። እዚያ መንደር ሰው የሚታወቀው በአባቱ ስም ነው። «ከተማ ሣር ስትበዪ ከረምሽ አሉ። ሣሩ እዚህ ሞልቶ ምን አንከራተተሽ?»

«የዚህን በጎቹ ቀደሙኝ» አለች ማይሬድ።

«ምላሷ የአባቷ ነው! ቁርጥ ሩሪን!»

«አንተ ሽማግሌ፣ ለወሬ ነው ለሥራ የመጣኸው?» አለች ዶሊና። «ቀኑ አጭር ነው።»

«ቀኑስ ነገም ያጥራል። አንቺ ነሽ በየዓመቱ የምታጥሪው።»

ለእርድ የተያዘው አንድ ሙክት ነበር። ከትናንት ጀምሮ ሳይበላ በረት አድሯል። ማይሬድ «እኔ ነኝ የማመጣው» አለች። ዶሊና ልትከለክላት ፈልጋ የበረቱን በር ከፈተችላት። ልጅቷ ሙክቱን አንገቱን አቅፋ፣ በጆሮው አንድ ነገር እያለችው፣ ሳትጎትተው ይዛው መጣች። ማረጃው አግዳሚ ላይ ሲያጋድሙት ቶርኪል ቆቡን አውልቆ ግንቡ ላይ አስቀመጠ። ቢላ ሲይዝ ዝም የሚል ሰው ነው። አንዴ ብቻ ሳበ።

ማይሬድ ተንበርክካ ለቋሊማ የሚሆነውን ደም በሳህን ተቀበለች፤ እንዳይረጋ በእጇ ታማስለው ጀመር። ፊቷ ነጭ ሆነ። እጇ ግን አላቆመም። ዶሊና ይህን አይታ ከበረቱ ጀርባ ዞራ አፍንጫዋን ተናፈጠች። ሩሪም እንዲህ ነበር፤ ፊቱ ሌላ፣ እጁ ሌላ።

ቶርኪል ሙክቱን ሰቅሎ ቆዳውን ገፈፈ፣ ሆዱን ከፈተ። እንፋሎቱ ቡን አለ። ሆድ ዕቃውን በሁለት እጁ እንደታቀፈ ወደ ዶሊና ዞረና «የተለመደው ቦታ ልወስደው?» አላት።

የተለመደው ቦታ ማለት ከቤቱ ጀርባ ያለው የባሕር ገደል ነው። ዶሊና አፈጠጠችበት። ቶርኪል ገባውና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ፈርሱን ማለቴ ነው» አለ።

ማይሬድ ቀና አላለችም። «ሁሉንም እዚህ ገንዳ ውስጥ ያድርጉልኝ፣ ቶርኪል። ምንም አይጣልም።»

«እሺ፣ እመቤቴ» አለ ሽማግሌው። ትንሽ ቆይቶ፣ ዝም ማለት ስለማይሆንለት፣ «ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሥጋ የተውሽው እኛን ጠልተሽ ነው በጎቹን ወደሽ?»

«በጎቹንም ያን ያህል አልወዳቸውም። ይሸታሉ።»

«ታዲያ?»

ማይሬድ እጇን በሣሩ ጠረገች። «ከባሕሩ ማዶ ዋናው ምድር ላይ አንድ ትልቅ ቄራ ውስጥ አሥራ አንድ ወር ሠርቻለሁ። የኔ ሥራ ሳምባ ነበር። ሳምባ ይመጣል፣ እቀበላለሁ፣ ቱቦ ውስጥ እጥላለሁ። ወርዶ ይቃጠላል። የየትኛው በግ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፣ የሚጠይቅም የለም። አንድ ቀን ልቁጠር ብዬ ሁለት ሺህ ላይ ተውኩት። ከዚያ ወዲያ ሥጋ ጉሮሮዬን አልወርድ አለ።» ገንዳውን ወደ ራሷ ሳበች። «ሰው ሲከራከረኝ ግን እናቴ ቤት እንዲህ አይደለም እላለሁ። እናቴ ቤት ሲታረድ ከቀንድና ከፈርስ በቀር የሚጣል የለም። በሱ ነው የምምለው።»

ቶርኪል ዶሊናን አያት። ዶሊና ባሕሩን አየች።

የአራጁን ድርሻ፣ የሙክቱን አንገት፣ በጨርቅ ጠቅልላ እስከ በሩ ሸኘችው። እዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልጅቷ አታውቅም?» አላት።

«አፍህን ዝጋ።»

«የኔንስ ዘጋሁት። ያንቺ እስከ መቼ ነው?» አለና ቆቡን አጥልቆ ሄደ።

ሃጊስ የሚሉት ምግብ በበጉ ጨጓራ ውስጥ የተሞላ ልብ፣ ጉበትና ሳምባ ነው፤ ጨጓራው የሚታጠበው ከቤቱ በታች ባለው ጅረት ነው። የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዷ አፉን ከፍታ ውሃው እንዲገባበት ትይዛለች፣ ሌላዋ ትገለብጣለች። ከዚያ በቢላ ጀርባ ይፋቃል፣ በጨው ይታሻል፣ እንደገና ይታጠባል፣ ነጭ እስኪሆን። ዶሊና ከእናቷ ጋር፣ በኋላ ከአማቷ ጋር፣ በኋላ ከሩሪ ጋር አጥባለች። ሩሪ የሴት ሥራ ነው ብለው ወንዶቹ ሲስቁበት «እናንተ ደግሞ አፋችሁን እጠቡበት» ይላቸው ነበር።

ስምንት ሰዓት ሆኗል። ብርሃኑ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይም። ዶሊና ልትንበረከክ ሞከረች፣ ዳሌዋ አልቻለም። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የጨጓራውን አፍ ያዘች። ማይሬድ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ገባች።

«በረዶ ነው!» ጮኸች።

«ከበረዶ ነው የሚወርደው፣ ምን ይሁን?»

«እንዲህ ነው የሚገለበጠው?»

«ቀስ በይ። ከቀደድሽው አለቀ። ልክ እንደ ካልሲ።»

ልጅቷ ገለበጠች። ፈርሱ አረንጓዴ ሆኖ በጅረቱ ወረደ። ሽታው ሲመታት ፊቷን አዙራ ተነፈሰች፣ ተመልሳ ገባችበት። አንድም ቃል አላማረረችም። ዶሊና ያንን ጀርባ እያየች፣ ይህ ቀን ዝም ብሎ ቢያልፍ ምን ይሆናል አለች በልቧ። ቶርኪል አይናገርም። ሥራው እያለቀ ነው። ልጅቷ ትረከባለች፤ በጎቹ ይቀራሉ፤ ሰኞ ለመኪናው ደውላ አትምጣ ትላለች። ማን ይጎዳል? ማንም።

ደክሟት ነበር። እግሯ ብቻ አይደለም። ሦስት ዓመት አንድ ውሸት መሸከም ከድርቆሽ ሸክም ይከብዳል፤ ድርቆሹ እንኳ በረት ሲደርሱ ይወርዳል።

«ማይሬድ።»

«እ?»

«አባትሽ ከሞተ ወዲህ ይሄን አጥቤው አላውቅም።»

ማይሬድ መፋቋን አላቆመችም። «ምኑን?»

«ጨጓራውን። ሳምባውንም፣ አንጀቱንም። ገደሉ ስር ነው የሚጣለው። ቶርኪል የተለመደው ቦታ ያለው እሱን ነው።»

ቢላው ቆመ።

«እሱ በሞተበት ዓመት ልሞክር ብዬ ነበር» አለች ዶሊና፤ አሁን ከጀመረች አይቀርም ብላ ፈጠነች። «ቅዳሜ ነበር፣ እንደዛሬው። ቶርኪል አረፈደ። ብቻዬን ስገለብጥ፣ ሲያመልጠኝ፣ ስይዝ፣ ጨለመ። ማግስቱ ሰንበት ነው፣ አልነካውም። በባልዲ ከድኜው ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ስብከቱን ሁሉ ባልዲውን እያሰብኩ ሰማሁት። ሰኞ ስከፍተው ገምቷል። ወስጄ ጣልኩት። በዓመቱ ሁለት አረድን፤ ያን ጊዜ መሞከሩንም ተውኩት። ውሰደው አልኩት ቶርኪልን።»

«በስልክ ሃጊስ ሠራሁ ትዪኝ ነበር።»

«የሱቅ ነው።»

«የሱቅ?»

«የሱቅ። በላስቲክ የተጠቀለለ።»

ማይሬድ ሳቀች፤ ደስ የማይል ሳቅ ነው። «ካንዱ ቄራ የመጣ። ምናልባትም ከኔው። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ባንቺ ስምል!»

«ሦስቱን ዓመት እውነት ምለሻል» አለች ዶሊና።

«አትቀልጂብኝ፣ እማ!»

«እየቀለድኩ አይደለም። አባትሽ እስካለ እውነት ነበር።»

ልጅቷ ውሃ ውስጥ ቆማ፣ ጨጓራው ከእጇ ተንጠልጥሎ፣ እናቷን አየቻት። «ለምን አልጠራሽኝም?»

«ጨጓራ እጠቢልኝ ብዬ? ከግላስጎው?»

«አዎ!»

«ሥጋ የማትበላ ልጅ?»

«አዎ ነው የምልሽ! ስለማልበላ ነው የምመጣው። ምን መሰለሽ?»

«አፈርኩ» አለች ዶሊና። የጨዉን ሳህን ጉልበቷ ላይ አደረገች። «ከፈለግሽ ተይው። ሰኞ መርከብ አለ። መኪናውም ሰኞ ነው። አልቀየምሽም» አለች።

ነፋሱ ተነስቶ የጅረቱን ፊት ሸበሸበው። ማይሬድ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። ቀኝ እጇን ዘረጋች።

«ጨዉን አቀብዪኝ። እየመሸ ነው።»

ቤት ሲገቡ ጨልሟል። ልቡን፣ ጉበቱንና ሳምባውን እንዳለ ትልቁ ድስት ውስጥ ከተቱት፤ የትንፋሽ ቧንቧው ከድስቱ አፍ ወጥቶ በጎን ተንጠለጠለ፤ ሲፈላ የሚወጣው ቆሻሻ በሱ በኩል ሥሩ ወዳለ ሳህን ይንጠባጠባል። ዶሊና አጃውን በብረት ምጣድ ቆላች፤ ሽታው ቤቱን ሲሞላው ትንሽ ነፍስ ዘራች። ሽንኩርቱን ከተፈች፣ ሞራውን ፈቀፈቀች፣ ቁንዶ በርበሬውን ወቀጠች። ሥጋው ሲበስል ሳምባውን ልትከትፍ ቢላ አነሳች።

«እሱን ለኔ ተይው» አለች ማይሬድ።

ቀስ ብላ፣ ደቀቅ አድርጋ ከተፈችው። ምንም አላስቀረችም።

ዶሊና ወንበር ላይ ተቀመጠችና ቁጭ ካልኩ አልነሳም ያለችው እውነት ሆነ፤ እንቅልፍ ጣላት። ስትነቃ ማይሬድ ጨጓራውን ሞልታ፣ በክር ሰፍታ፣ እንደ ኳስ ወጥራ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣዋለች።

«ወይ አምላኬ! እስከ አፉ ሞላሽው?»

«ታዲያ ግማሹን ማን ሊበላው ነው?»

«አጃ ይነፋል፣ የኔ ልጅ! ይሄ ድስት ውስጥ እንደ ቦምብ ነው የሚፈነዳው። ፍቺው።»

«አንድ ሰዓት ሙሉ የሰፋሁትን?»

«የሰፋሽውንማ አያለሁ። ቦት ጫማ የሰፋሽ ነው የሚመስለው።»

ማይሬድ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፣ ድካሙ አሸነፋትና ሳቀች። ፈቱት፤ ከሦስት አንዱን እጅ አወጡ፤ ዶሊና ራሷ ሰፋችው፣ እንዳይፈነዳ በመርፌ ወጋጋችውና የፈላው ውሃ ውስጥ አስገባችው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ቀስ ብሎ ፈላ።

ሲወጣ ድቡልቡል፣ ግራጫ፣ ወዙ የሚንጠባጠብ ነበር። ዶሊና በቢላ ስትከፍተው ተዘረገፈ። ለራሷ ከድንች ጋር አቀረበች፣ ለማይሬድ ሳህን ዘረጋች።

«ድንቹን ብቻ» አለች ማይሬድ።

«ቅመሺው እንጂ።»

«ዛሬ አይደለም።»

«ሳምባውን የከተፍሽው አንቺ ነሽ።»

«ለዚህ ነው። እጄ ላይ ገና አለ።»

ዶሊና ሦስተኛ ጊዜ ቅመሺ ልትላት ነበር፤ ትታው ሹካዋን አነሳች። ጣፈጣት። እንደ ድሮው ነው ለማለት አፍራ ሌላ ጎረሰች። ማይሬድ ድንቿን እየጎረሰች አየቻት።

«ስምንት» አለች ድንገት።

«ምኑ ነው ስምንት?»

«በጎቹ። ስምንት ይቀራሉ። የቀሩት ሰኞ ይሄዳሉ። ከሰንበት በፊት እንጨርሰው፤ ነገ ስለ ገበያ አላወራም ትያለሽ።»

ዶሊና ሹካዋን አስቀመጠች። ልቧ በአንድ ጊዜ ወጣም ወረደም። «ትረከቢያለሽ ማለት ነው?»

«ስምንቱን።»

«ስምንት በግ መንጋ ይባላል? ሰው ይስቅብናል። አባትሽ አርባ ነበረው።»

«ለአባቴ አንቺ ነበርሽለት። እኔ ማን አለኝ?»

«እኔ አለሁ!»

«አንቺ ድንጋይ ላይ ተቀምጠሽ ነው የዋልሽው።»

«ብቀመጥ እጅ የለኝም?»

«አለሽ። ስምንት ያልኩት እኮ ለዚህ ነው፣ እማ። ብቻዬን ብሆን አራት ነበር የምልሽ።» ሳህኗን ገፋ አደረገች። «በዓመት ሦስት አራት እናርዳለን። ከዚያ በላይ ሁለት ሰው አጥቦ አይጨርስም። አጥበን የማንጨርሰውን አናርድም። የማናርደውን አናረባም። እኔ የማውቀው ሂሳብ ይሄ ነው።»

«አሥር አድርጊው።»

«ስምንት።»

«ግትር!»

«ከማን ወረስኩት?»

ዶሊና ጉልበቷን አሸች። አሥራ አራቱ በዓይኗ መጡ፤ እያንዳንዷን በየትኛው ዝናብ እንዳዋለደቻት ታውቃለች። አሥር ቢሉም፣ አሥራ ሁለት ቢሉም፣ ጅረቱ ዳር እንደገና ጨለማ እንደሚቀድማት ግን ዳሌዋ ነገራት።

«እሺ» አለች። «ስምንት።»

«ሌላም አለ። ዋሽተሽኛል። እሱን ገና አልጨረስኩትም።»

«አውቃለሁ።»

«ሰኞም አልጨርሰውም።»

«ጊዜ አለሽ» አለች ዶሊና። «እኔ የትም አልሄድ።»

ሰኞ ጠዋት መኪናው መጣ። ዶሊና በትሯን ይዛ በረቱ በር ላይ ቆማ አንድ በአንድ ለየች፤ ይህቺ ትሂድ፣ ይህቺ ትቅር። እንዲሄዱ የለየቻቸውን ጭንቅላታቸውን አልነካችም፤ ከነካች እጇ እንደማይለቅ ታውቃለች። ሹፌሩ አሥራ አራቱን ጭኖ በሩን ሲዘጋ ወደ ቀሩት አገጩን ቀሰረ።

«ሁሉም ነው የተባልኩት። እነዚህስ?»

«የልጄ ናቸው» አለች ዶሊና።

መኪናው ዳገቱን ሲወጣ የበጎቹ ጩኸት ለጥቂት ጊዜ ተሰማ፤ ከዚያ ነፋሱ ወሰደው። ሜዳው ሰፊ ሆኖ ታያት፤ ስምንቱ እንደተበተነ ጠጠር ራቅ ራቅ ብለው ይግጣሉ። ማይሬድ የበረቱን በር በሽቦ አስራ መጣችና እናቷን በብብቷ ደገፈቻት።

«ግቢ፣ ይበርድሻል።»

«ደግፊኝ እንጂ አትጎትቺኝ» አለች ዶሊና፤ ሁለቱም በጎቹ በተዉት በጠጥ ላይ እየተንሸራተቱ ወደ ቤት ገቡ።